ባሕር ሳላይ ዶልፊን ያጠናሁበት ሳምንት

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ዓሣ ነባሪ አየሽ?» ብሎ ነው። አላየሁም። ዶልፊንም አላየሁም። ያየሁት ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ፣ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ የዶልፊን ጣፊያ ቁራጭ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ለእያንዳንዳችን ከምታወሪ ጻፊውና እናንብበው ስላሉኝ፣ ከመነሻው እስከ መመለሻው ቀኑን ተከትዬ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ሐዋሳ የእንስሳት ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ ዶክተር ምትኩ የሚያጠኑት ደስታ የሚባለውን የበግና የፍየል በሽታ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ባሕር ውስጥ ዘመድ አለው፤ እሱ ደግሞ ዶልፊኖችንና ዓሣ ነባሪዎችን ይገድላል። ለንደን ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ቫይረሱ ሲገባ የእነዚህ እንስሳት ሰውነት የትኞቹን የመከላከያ ጂኖች እንደሚያስነሣና ምን ያህል እንደሚያሠራቸው ይለካል። ዶክተር ምትኩ ያንኑ በፍየል መለካት ይፈልጋሉ። መሣሪያው አለን፤ ተጠቅሞበት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረንም።

ባለፈው ዓመት ወረርሽኝ ከገባባቸው መንደሮች የፍየል ደም ወስደናል። ቀንዳቸውን ይዘው ደም ከቀዱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከፍየሎቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ደም ካለቀ ሌላ አይገኝም። ዶክተር ምትኩ ከመሄዴ በፊት ቢሯቸው ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦

«በራስሽ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ንጹሕ ልኬት ካወጣሽ የፍየሎቹ ደም ያንቺ ነው። ጤነኛና በሽተኛ እንስሳ አወዳድረሽ ማለቴ ነው። ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። አልቆጣሽም፤ ግን አልሰጥሽም።»

ይህን ይዤ ነው የተነሣሁት።

ቅዳሜና እሑድ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአውቶብስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ጠቅጥቃልኝ ሻንጣዬ አልዘጋ ብሎ ነበር። በአውሮፕላኑ መስኮት ከደመና በቀር ስላልታየኝ ባሕሩን ሳላይ ተሻገርኩት።

ለንደን ስደርስ የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ ፓስፖርቴን እያገላበጠ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ስለ ዶልፊን ልማር።»

«አገርሽ ዶልፊን አለ?»

«የለም።»

«ባሕርስ?»

«እሱም የለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ምን አለ?»

«ፍየል» አልኩት፤ ስለ ሁለቱ ቫይረሶች ዝምድናም ማስረዳት ጀመርኩ። የሚጠየቅ ሰው ምላሹን ሙሉ አድርጎ መስጠት አለበት ብዬ ነው። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ሲጀምሩ ማኅተሙን መታልኝና «ለፍየሎቹ መልካም ዕድል» ብሎ አሳለፈኝ።

ዋይት ሲቲ የሚባለው ሰፈር ባቡር ጣቢያ በር ላይ የማርፍባቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ቆመው ጠበቁኝ። አክስቴ አሥመራ ስትማር አንድ ክፍል የነበሩ ኤርትራዊት ናቸው። አማርኛ የተማሩት በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ሆቴል ውስጥ ሠርተዋል። እንደ ልጅነቴ ግንባሬን ሳሙኝና ከሻንጣዬ አንዱን ጆሮ ያዙ። ብለምናቸውም አልለቀቁም።

«አዋሳ እንደምን ናት? አዲስ ከተማ እየተሠራባት ነው ይባል ነበር።»

«ተሠርታ አልቃለች፣ እማማ። አሁን መንገዱ በባጃጅ ተጨናንቋል።»

«እንዲያ ነው? ጊዜው እንዴት ይሮጣል።»

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። በየፎቁ እየቆምን ስንተነፍስ «ለካውንስሉ ሪፖርት ካደረግሁ ሰነበተ፤ ሪፔር እናደርጋለን ይላሉ፤ አያደርጉም» አሉኝ። ውስጡ ሞቃት ነው። ለእኔ ያዘጋጁት አልጋ ላይ የተደራረበው ብርድ ልብስ በእኛ ቤት ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው። ራት የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ አንድ ሙሉ፣ ከነራሱ።

«የዓሣ ሊቅ ልትሆኚ ነው አሉኝ» አሉ። «አዋሳም የዓሣ አገር ነው። በይ ብዪ፣ ልጄ።»

ዶልፊን እንደ እኛ ጡት አጥቢ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም ማለት ፈልጌ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ሰው ማረም ስላልወደድኩ በላሁ። እሳቸውም አብረውኝ በሉ።

ሰኞ

ከዋይት ሲቲ በቀጥታ ቤተ ሙከራው ያለበት ካምደን የሚያደርስ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ አለ። ፌርማታ ላይ ቆሜ ሁለት አውቶብስ አለፈኝ። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት «እጅሽን ካልዘረጋሽለት የምትሳፈሪ አይመስለውም» ብላ አስቆመችልኝ። ሐዋሳ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እየጠራ፣ አንዳንዴም እየጎተተ ያስገባል። እዚህ ማንም አይጠራም፤ መሄድ የፈለገ ራሱ ያሳውቃል። ላይኛው ፎቅ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰውን ሁሉ ጃንጥላ ከላይ እያየሁ ሄድኩ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሩት ቀጠን ያሉ፣ ፈጠን ብለው የሚናገሩ እንግሊዛዊት ናቸው። «ሩት ብቻ በዪኝ» አሉኝ። «እሺ፣ ዶክተር ሩት» አልኩ። አጠገባቸው የቆመች ሻሽ ያሰረች ልጅ ሳቋን ዋጠችው። በኋላ በአማርኛ፦

«ዶክተር ሩት፣ ዶክተር ሩት ስትዪ እኮ ልትታከሚ የመጣሽ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

ሰሚራ ትባላለች፤ የዶክትሬት ተማሪ ናት። እናትና አባቷ የደሴ ሰዎች ናቸው፤ እሷ የተወለደችው ለንደን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ጓንት ነው፦

«ትርሲ፣ ስሚኝ። በጓንትሽ ስልክ ተች ካደረግሽ፣ ቼንጅ። ፀጉርሽን ከነካሽ፣ ቼንጅ። በር ከከፈትሽ፣ ቼንጅ። ሹር ካልሆንሽም ቼንጅ አድርጊ።»

«ይሄ ሁሉ ጓንት?»

«ይሄ ሁሉ ጓንት።»

ምክንያቱን ላልተማረው አንባቢ ላስረዳ። ጂን ሰውነት ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ነው ብንል፣ አር ኤን ኤ ደግሞ ለዕለቱ ሥራ ከመመሪያው የሚገለበጥ ቅጂ ነው። የአንድ ጂን ቅጂ ከበዛ ያ ጂን ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። የምንለካው ቅጂውን ነው። ችግሩ ቅጂው በጣም ተሰባሪ ነው። በሰው ቆዳ ላይ ያለ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፤ የማንም ሰው ቆዳ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ። እኛ ዘንድ አንድ ጥንድ ጓንት እስከ ምሳ ያገለግላል፤ የምናደርገውም ራሳችንን ከእንስሳው ለመጠበቅ ነው። እዚያ ግን ጓንቱ የሚጠብቀው ዶልፊኑን ከእኛ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ሰው ዕቃውን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ፊት ብቻውን በላ። እንብላ የሚል ስጠብቅ ቆየሁና፣ ሰሚራ ሰግዳ ስትመለስ የእሷን ሩዝና የእኔን ዓሣ ተካፈልን። ዓሣው የትናንቱ ትራፊ ነው። ማታ ደግሞ አዲስ ዓሣ ነበር፤ በቲማቲም የተሠራ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ በበሬ ጣፊያ ተለማመድኩ። ጣፊያውን ሰሚራ ከሰፈሯ ሥጋ ቤት ገዝታ ነው ያመጣችው። ሥጋ ሻጩ «ለወጥ ነው?» ሲላት «ለትምህርት ነው» ብላው ቅናሽ አደረገላት። መፍጨት፣ በፈሳሽ መለየት፣ ማጠብ፣ እንደገና ማጠብ። እጄ እስኪረጋ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰሚራ አጠገቤ ሆና ሁለት ነገር ብቻ ደጋገመች፤ «ስሎው» እና «በረዶው ላይ መልሺው።»

ስንወጣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጨልሟል። በኅዳር ፀሐይዋ ገና ሰው ሥራ ላይ ሳለ ትገባለች። ካፖርቴ ስስ መሆኑን ያዩት እማማ አልጋነሽ ማታ ስገባ የራሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

«እኔ የት እሄዳለሁ? ልበሺው።»

ክንዱ አጠረኝ፤ ግን ሞቀኝ። ራት በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ዓሣ ነበር።

ረቡዕ

ዋናው ቀን። ሰሚራ በጣም ከሚቀዘቅዘው ፍሪዘር ሁለት ትንንሽ ቲዩብ አወጣች። አንደኛው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የአጥማጆች መረብ ውስጥ ገብቶ የሞተ ዶልፊን ነው። ሁለተኛው በቫይረሱ ታሞ ከነሕይወቱ ወደ ባሕሩ ዳር የወጣ፣ ሊድን ስላልቻለም ሐኪም በመርፌ ያሳረፈው ነው። ጣፊያው ወዲያው ስለተወሰደ ቅጂዎቹ ሳይሰባበሩ ቆይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንስሳው የሚገኘው ሞቶ ከቆየ በኋላ ስለሆነ እንዲህ ያለ ናሙና ብዙ የለም። የወሰዱት ዶክተር አርተር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ አልፎ አልፎ ሻይ ለመጠጣት ብቅ ይላሉ ብላ ሰሚራ ነገረችኝ።

የጤነኛውን ጨረስኩ። ሰሚራ ሌላ ክፍል ሄደች። የበሽተኛውን ቲዩብ በረዶ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ልከፍት ስል በሩ ተከፈተና ምርኩዝ የያዙ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። ማን እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ተነሣሁ። ሽማግሌ ሲገባ ሳስብ አይደለም የምነሣው፤ እግሬ ራሱ ይነሣል። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጓንት ማድረጌን አልረሳሁም። እየበላን ሰው ሲመጣብን እንደምናደርገው፣ መዳፌን ወደ ውስጥ አጥፌ ክንዴን አቀረብኩላቸው። ልማዱን ከየት ያውቁታል? ክንዴን አልፈው እጄን ከነጓንቱ በሁለት እጃቸው ያዙና ሞቅ አድርገው ጨበጡኝ።

«ለእኔ ዶልፊን ብለሽ ነው ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣሽ?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ያን ቀን ዝናብ ነበር» አሉ፤ ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው። «ሁላችንም ስለረጠብን ማን እንዳለቀሰ አይታወቅም።»

የጓንቱ ካርቶን ክንዴ ሥር ነበር። መለወጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በሁለት እጃቸው የጨበጡኝ ሰው አጠገቤ ቆመው እያዩ፣ የነኩትን ጓንት አውልቄ ቆሻሻ ውስጥ መጣል አቃተኝ። ሰላም ካለን ሰው ፊት እጃችንን ብንጠርግ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃል። ዘወር እስኪሉ ልጠብቅ አልኩ። ዘወር አላሉም። ዶልፊኑ እንዴት አሸዋው ላይ እንደተኛ፣ ውሃ በባልዲ እያመላለሱ ቆዳውን እንዴት እንዳረጠቡት ይተርኩልኛል። እኔ እራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ፤ ቁራጩ በረዶው ላይ ይጠብቃል። ብዙ መጠበቅ እንደሌለበት ሳውቅ በዚያው ጓንት ክዳኑን ከፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ ጓንቴን ለወጥኩ፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉ ነገር አልቋል።

ከሰዓት በኋላ የቅጂዎቹን ጤንነት የሚያሳየው መሣሪያ ላይ አስገባናቸው። ቅጂው ደህና ከሆነ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጉብታ ይወጣል። የጤነኛው ዶልፊን ሲወጣ የሐዋሳን ታቦርና አላሙራ ተራሮች ጎን ለጎን ያየሁ መሰለኝ፤ ለሰሚራም ይህንኑ ነገርኳት። የበሽተኛው ሲወጣ ተራራ የለም። ከዳር እስከ ዳር ዝቅ ያለ ሜዳ ነው።

ሰሚራ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ምንድነው የተፈጠረው?»

ነገርኳት።

«ለምን ቼንጅ አላደረግሽም?»

«አጠገቤ ቆመው ነበር። ተጠየፈችኝ እንዳይሉ።»

ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። «ማሚም እንዲህ ናት። ሰው ቤት ሻይዋ ውስጥ ዝንብ ብታገኝ ዝንቡን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ትጠጣለች።» ቆይታ ደግሞ «የጓንቱ ብቻ ላይሆንም ይችላል፤ ወሬያቸውን ስትሰሚ ብዙ አቆይተሽው ይሆናል» አለች።

ዶክተር ሩት ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ከበሽተኛው ዶልፊን የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። «ያም ቢሆን የእኔ አይደለም» አሉ። «ናሙናው የአርተር ነው፤ እሱን ጠይቂው። ካልፈቀደ በበሬው ጨርሺ።»

በበሬው መጨረስ እችላለሁ። ግን አንድ ጤነኛ በሬ ከማን ጋር ይወዳደራል? ዶክተር ምትኩ የጠየቁት እሱን አይደለም።

ሰሚራ ስንወጣ «እኔ ቴክስት ላድርግላቸው» አለችኝ። «ሳምፕሉ ፌይል አደረገ እላለሁ። ስለ እጃቸው ምንም አልልም።»

ደስ አለኝ፤ እሺም አልኩ። አውቶብስ ላይ ሆኜ ግን አሰብኩት። ሰውየው የመጨረሻውን ቁራጭ ሊሰጡ ነው፤ የመጀመሪያው ለምን እንደጠፋ ሳያውቁ ምኑን ይፈቅዳሉ? ከመውረዴ በፊት ለሰሚራ «ነገ እንዲመጡ ብቻ ንገሪልኝ፤ የቀረውን እኔ እናገራለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።

ሐሙስ

ጠዋት መጡ። ዶክተር ሩትና ሰሚራ ባሉበት ተናገርኩ። ዓረፍተ ነገሩን አውቶብስ ላይ በእንግሊዝኛ ስለማመደው ስለመጣሁ አልተንተባተብኩም።

«ዶክተር፣ ትናንት እጄን ከጨበጡኝ በኋላ ጓንቴን መለወጥ ነበረብኝ። አልለወጥኩም። የበሽተኛው ዶልፊን ናሙና ተበላሸ።»

«ለምን አልለወጥሽም?»

«እርስዎ ቆመው ነበር።»

አልገባቸውም።

«ቆሻሻ ነዎት ያልኩዎት እንዳይመስልዎት ብዬ ነው።»

መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩ። «ቆሻሻ ነኝ እኮ» አሉ። «ሁላችንም ነን። ይህን ለተማሪዎች ስናገር ነው የኖርኩት።» ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም። «ለእኔ ክብር ስትዪ ዶልፊኔን ሠዋሽው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«የመጨረሻውን ብሰጥሽና ንጉሡ ራሳቸው ሊጨብጡሽ ቢመጡስ?»

«አልነሣም።»

«እኔ ብመጣስ?»

ከንጉሡ ይልቅ ይህ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰሚራ ታች ታች ታያለች።

«አልነሣም» አልኩ።

«በዪ አውጪው» አሏት ሰሚራን።

ሁለቱን እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ምርኩዙን ብብታቸው ሥር ይዘው። እኔ ጓንቴን ደንቡ ከሚለው በላይ እየለወጥኩ ሠራሁ። መሀል ላይ ለማየት ተጠግተው ሳለ ክርናቸው እጄን ነካው። «ይቅርታ» አሉ። ዓይናቸው እያየ ጓንቴን አውልቄ ጣልኩ፤ ሌላ አደረግሁ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። እሳቸው ቁራጩን ነበር የሚያዩት።

ክዳኑን ዘግቼ ከጨረስኩ በኋላ እጄን ታጥቤ በሩ ድረስ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ በባዶ እጄ ጨበጥኳቸው። «አሁን ይቻላል?» ብለው ሰሚራን ጠየቋት። «አሁን ይቻላል» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጉብታዎች ወጡ። ሰሚራ ስክሪኑን በጣቷ እያሳየች «አላሙራሽ ትንሽ ዝቅ ብሏል» አለች። «ግን ፓስ ነው።»

ማታ እማማ አልጋነሽ በሩን ሲከፍቱ የዓሣው ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። እጄን ታጥቤ ቀረብኩና «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ግን ዓሣውን ልለፈው» አልኳቸው። «የማጠናው እንስሳም ዓሣ አይደለም። ባሕር ውስጥ ይኖራል እንጂ ልጁን ጡት ያጠባል።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። «ጡት?»

«ጡት።»

«ምነው እሑድ ሳትነግሪኝ? እኔ ዓሣ አይስማማኝም። ከእሑድ ጀምሮ ሆዴን ሲነፋኝ ነው የሰነበተው። እንግዳዬ ለብቻዋ አትበላም ብዬ ነው እንጂ።»

ዓሣውን ለጎረቤታቸው ሰጥተን እናቴ የላከችውን ድርቆሽ ፍርፍር አድርገን በላን። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን ብዙ አልበላንም፤ እንደዚያ ቀን ብዙም አላወራንም።

ዓርብ

የመጨረሻው ሥራ ጉድጓድ ጉድጓድ ባላት ትንሽ ሳህን ላይ ነው። የሁለቱን ዶልፊኖች ቅጂ ለእያንዳንዱ ጂን ለየብቻ እናስቀምጣለን፤ መሣሪያው እያበዛ ስንት እንደነበረ ያሰላል። የመከላከያ ጂኖቹ ብቻ አይበቁም። በጤናም በሕመምም መጠናቸው የማይዋዥቅ ጂኖች አብረው ይለካሉ። ገበያ ላይ እህሉን ሳይሆን መጀመሪያ የሚዛኑን ድንጋይ እንደማመን ነው፤ ድንጋዩ ልክ ካልሆነ ያለው ክብደት ሁሉ ውሸት ነው።

መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰሚራ የጁምዓ ሶላቷን ሰግዳ ስትመለስ መስመሮቹ መነሣት ጀምረው ነበር። መጀመሪያ የድንጋዮቹ መስመሮች መጡ፤ የጤነኛውና የበሽተኛው አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ እኩል። ከዚያ ቫይረስ የሚዋጉት ጂኖች። የበሽተኛው ቀድሞ ተነሣ፤ የጤነኛው ቆይቶ። ቀድሞ የተነሣው ቅጂው የበዛው ነው። ያ ዶልፊን አሸዋው ላይ ሲወድቅ ሰውነቱ ገና እየተዋጋ ነበር ማለት ነው። ዝናቡን ያወሩልኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ የመስመሮቹን ሥዕል ለእሳቸው እንዲላክ በወረቀት አተምኩ።

አንድ ጉድጓድ ባዶ ሆና ቀረች፤ ሳልጨምርባት ዘልያት ይሆናል። ዶክተር ሩት ሁሉንም አዩና «ሁለት እንስሳ ስለ ዶልፊን ምንም አያረጋግጥም» አሉ። «ስለ እጅሽ ግን ያረጋግጣል።» ከዚያ በስማቸው ብቻ ጠርቼ እንዳመሰግናቸው ጠየቁኝ። ሞከርኩ፤ «አመሰግናለሁ፣ ሩት» ካልኩ በኋላ ግን ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ

ሰሚራ ባተርሲ ወንዝ ዳር ወሰደችኝ። የዶልፊን ትንሽ ዘመድ የሆነ እንስሳ አንዳንዴ ከባሕር ተነሥቶ በወንዙ እስከ ከተማው ድረስ ይመጣል ብላኝ አጥሩን ተደግፈን ውሃውን ስናይ ቆየን። ውሃው ቡናማ ነው፤ ልክ በክረምት ጎርፍ የገባበት ወንዝ ይመስላል። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢሆን ይህን ጊዜ ዓሣ የሚጠብስና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ የሚያሳድድ ሰው ይሞላ ነበር። እዚህ የሚሮጡ ሰዎች ብቻ አለፉ፤ ማንም ከማንም ጋር ሳይነጋገር። ዳክዬ አየን። «ሶሪ ትርሲ፣ ዛሬ አይመጣም» አለችኝ ሰሚራ፤ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ይመስል።

እሑድ እማማ አልጋነሽ ካፖርቱን እንድመልስ አልፈቀዱም። ጣቢያው ድረስ ሸኙኝ፤ የሻንጣዬን አንድ ጆሮም እንደገና ያዙ። ለአክስቴ የላኩት መልእክት «አማርኛዬን አልረሳሁም በያት» የሚል ነው። አድርሻለሁ።

ሐዋሳ

በተመለስኩ በማግስቱ ወረቀቶቼን ይዤ ዶክተር ምትኩ ቢሮ ገባሁ። አንድ በአንድ አዩ። የረቡዕን ሜዳም አስገብቼው ነበር። እሱ ላይ ከሁሉም በላይ ቆዩ።

«ይህን ለምን አመጣሽው?»

«የእኔ ሥራ ስለሆነ ነው።» እንዴት እንደሆነም ነገርኳቸው። ንጉሡ ጋ ስደርስ ሳቁ፤ ሽማግሌው ጋ ስደርስ ሳቁን አቆሙ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን የፍየሎቹን ደም ብሰጥሽ ሳታበላሺ ትሠሪያለሽ?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አዎ፣ ዶክተር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንዳች አላበላሽም ማለት አልችልም» አልኩ። «ሁለት ቲዩብ ደም ካለን ፍየሎች እንጀምር። አንድ አንድ ብቻ ያለንን ወደ መጨረሻ እናድርጋቸው።»

ወረቀቶቹን ሰበሰቡ። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና የፍሪዘሩን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት።

«ነገ ጠዋት መብራት ካለ እንጀምራለን።»

መብራት ነበረ።